ቀብዱ ከአርዲቦ ዳገት መልስ ይሁን

በወሎ ገበያዎች በቅሎ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመቀነቱ የሚፈታው ሦስት ነገር ካየ በኋላ ነው። ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፣ ኮቴዋን አንስቶ ይመለከታል፣ ከዚያም ኮርቻ አስጭኖ ዳገት ያስወጣታል። ባለቤቱ በዚህ አይቀየምም። ዳገት ሳትወጣ የተሸጠች በቅሎ አንድ ነገር እንዳለባት ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ። የዚያው ገበያተኛ ልጅ ዛሬ ደሴ ከተማ ውስጥ ሚሊዮኖች የሚያወጣ ያገለገለ ላንድክሩዘር ሲገዛ ግን ቀለሙን አይቶ፣ በሩን ከፍቶ ዘግቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ አስፋልት ላይ አንድ ዙር ዞሮ ቀብድ ይከፍላል። አባት ለበቅሎ ያደረገውን ጥንቃቄ ልጅ ለመኪና አላደረገውም።

ውጤቱን ጋራዦች ያውቁታል። መኪናው በተገዛ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት፣ ጭነት ይዞ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከወለሉ ሥር አንድ ድምፅ ይጀምራል። መጀመሪያ «የጎማ ነው» ይባላል። ቀጥሎ የቴፑ ድምፅ ከፍ ይደረጋል። በመጨረሻ ዲፈረንሻሉ ይፈታና ለመኪናው በተከፈለው ላይ ሌላ ዳጎስ ያለ ሒሳብ ይታከላል። ሻጩ ስልክ አያነሳም፤ ደላላውም «እኔ ምን አውቄ» ይላል። የሚያሳዝነው ያ ድምፅ ከሽያጩ በፊትም የነበረ መሆኑ ነው። ድምፁ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው የሚያዳምጠው ሰው ነው።

ከመኪና ሥር የሚመጣ ድምፅ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው። ድምፅ የዋጋ መረጃ ነው። የትኛው ክፍል እንደሚጮኽ ያወቀ ገዢ ስንት መቀነስ እንዳለበት ያውቃል፤ ያላወቀው ወይ አብዝቶ ይከፍላል፣ ወይ ደህናውን መኪና ፈርቶ ይተወዋል። ይህን መረጃ ለማግኘት የሚያስፈልገው ግማሽ ቀን፣ አንድ መካኒክና አሥር ሊትር ገደማ ናፍጣ ብቻ ነው። በዚህ ሒሳብ ሲታይ፣ ያለ ፍተሻ ቀብድ መቀበልና መስጠት ገበያው ራሱ ላይ የጫነው ኪሳራ ነው።

የማይታደስ ዕቃ

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉና ዕድሜያቸው የገፋ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

የሦስቱ እርምጃዎች ድምር ለፎር ዊል ገበያ ትርጉሙ ግልጽ ነው። አገር ውስጥ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። በየሽያጩ ቀለም ይቀባሉ፣ ወንበር ይለብሳሉ፣ የወለል ምንጣፍ ይቀየርላቸዋል። ቀለም ግን የጥርስን መበላት አይመልስም። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ በመሆኑ ትናንት «ይታለፋል» የሚባለው ብልሽት ዛሬ የአንድ ነጋዴን የወራት ትርፍ ይዞ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተማው መንገድ ላይ እየበዙ ቢሆንም፣ እህል ወይም ሲሚንቶ ጭኖ ከአስፋልት ወጥቶ የሚሠራው ሰው ዓይን አሁንም በናፍጣ ፎር ዊሎች ላይ ነው። ተፈላጊነቱ አለ፤ አቅርቦቱ አይታደስም። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ የሚያተርፈው ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ ነው።

የሁለት መኪኖች ሒሳብ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ችግር ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ አሳይቷል። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ሲያውቅና ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ምን እንደሚከሰት ነው የመረመረው። በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሐሳቡን በደሴ ገበያ ቋንቋ ማስቀመጥ አይከብድም።

ለምሳሌ ያህል፣ ሁለት አንድ ዓይነት ሃርድ ቶፖች ለገበያ ቀረቡ እንበል። የአንዱ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ጤነኛ ስለሆነ የሚገባው ዋጋ 3 ሚሊዮን ብር ነው። የሌላው ዲፈረንሻል ያለቀ ስለሆነ ከ2 ሚሊዮን 400 ሺህ አይበልጥም። ገዢው መለየት ካልቻለ መሐል ላይ ቆሞ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ያቀርባል። የጤነኛው ባለቤት 300 ሺህ ብር ከመክሰር መኪናውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የበሽተኛው ባለቤት ግን «እሺ» ብሎ ዕለቱን ይፈርማል። በገበያው የሚቀረው የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ገዢዎች ይህን ሲለምዱ ደግሞ ዋጋቸውን ይበልጥ ያወርዳሉ፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰውም ለዘመድና ለወዳጅ ካልሆነ በቀር ለገበያ ማቅረቡን ይተዋል።

ስለዚህ ድምፅን መለየት ገዢውን ብቻ የሚጠቅም ጉዳይ አይደለም። መኪናውን በጊዜው ዘይት እየቀየረ፣ ግራሶ እያስገባ የያዘ ሻጭ የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው ሌላው ሰው ልዩነቱን መስማት ሲችል ብቻ ነው።

ከደሴ እስከ አርዲቦ

ለፍተሻ የሚሆነው መንገድ እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። ከእስጢፋኖስ ገዳም መገኛ ከሎጎ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ በኮረብቶች መሐል፣ አርዲቦ ሐይቅ ይገኛል፤ ትርፍ ውሃው ቁልቁል ወደ ታችኛው ሐይቅ ይፈሳል። አስፋልት፣ ቁልቁለት፣ ዳገትና ጠመዝማዛ በአንድ ጉዞ ይገኛሉ። ደርሶ መልሱ ከ80 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ፎር ዊል መኪና ጉድለቱን የሚናገረው በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነው፤ የከተማ አስፋልት ላይ የፊት ዲፈረንሻሉ ሥራ የለውም፣ ከባዱ ማርሽም አይገባም።

ምርመራው የሚጀምረው ግን መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። ሞተሩ በርቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ይደመጣል። ከካምቢዮው በኩል ጉርምርምታ ካለና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው በካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ነው። በተቃራኒው ፍሪሲዮን ሲረገጥ ድምፅ ከመጣ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ እያለቀ ነው። ሁለቱም ካምቢዮ ያስወርዳሉ። ልዩነቱ፣ ለሁለተኛው ካምቢዮው ወርዶ ይመለሳል እንጂ ውስጡ አይከፈትም።

ቀጥሎ ሞተሩ ይጠፋል፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ይያዛሉ፣ መካኒኩ ከሥር ይገባል። ኃይል ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚወስደውን ዘንግ በእጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ ያዞረዋል። ዘንጉና ክሮቸራው ላይ ልል እንቅስቃሴ ከታየ መኪናው ሲነሳ የሚሰማው «ጓ» የሚል ምት ምንጩ ይኸው ነው፤ ክሮቸራ መቀየር ደግሞ ከከባዱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ክሮቸራው ጠንካራ ሆኖ ሳለ ዘንጉ ብዙ ከዞረ በኋላ ብቻ ዲፈረንሻሉን የሚይዘው ከሆነ ግን ክፍተቱ በውስጥ ጥርሶች መሐል ነው። አንዱ ምት፣ ሁለት ዋጋ የሚባለው ይህ ነው። ሾፌሩ ጆሮ ውስጥ ሁለቱም «ጓ» ነው የሚሉት፤ የጥገናው ሒሳብ ግን የትየለሌ ይለያያል።

ከዚያ ጉዞው ይጀመራል። ከደሴ እስከ ሐይቅ ባለው አስፋልት በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ሲኬድ፣ መንገዱ በሚፈቅድበት ቦታ፣ የማያቋርጥ ዋይታ ይሰማ እንደሆነ ይደመጣል። ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ ጎማ፣ የጎማ ኩሽኔታና ዲፈረንሻል። የመንገዱ ገጽ ሲለወጥ ድምፁም ከተለወጠ፣ በተለይ ጎማው ጥርሱ ትልልቅ የጭቃ ጎማ ከሆነ፣ ጎማ ነው። መሪው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሲዞር ድምፁ ከጨመረና ወደ ቀኝ ሲዞር ከቀነሰ፣ ክብደቱ ያረፈበት የቀኝ በኩል ጎማ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። በሁለቱም ሳይለወጥ ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ብቻ የሚለዋወጥ ዋይታ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ዲፈረንሻሉ ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ያመራል።

እዚህ ላይ የመንገዱ አቀማመጥ ይረዳል። ከደሴ ወደ ሐይቅ ያለው ጉዞ በጠቅላላው ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ መልሱ ሽቅብ ነው። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ተለቆ ሞተሩ መኪናውን ሲይዝ የዲፈረንሻሉ ጥርሶች በአንድ ጎናቸው ይነካካሉ። ዳገት ላይ ሲጎትት ደግሞ በሌላው ጎናቸው። ብዙ ጭነት የጎተተ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው በመጎተቻው ጎን ስለሆነ ሲሄድ ዝም ብሎ ሲመለስ ሊያለቅስ ይችላል። ወደ ታች ብቻ ነድቶ «ጸጥ ያለ ነው» ያለ ገዢ ግማሹን ብቻ ሰምቷል።

ከሐይቅ ወደ አርዲቦ ሽቅብ ሲወጣ የፎር ዊሉ ፈተና ይመጣል። መሐል ላይ ዲፈረንሻል የሌላቸው እንደ ሃርድ ቶፕና ሃይሉክስ ያሉ መኪኖች የፊቱና የኋላው ዘንግ ፎር ዊል ሲገባ አንድ ላይ ይታሰራሉ። ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መጠምዘዝ መኪናውን ያስጨንቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ከሥር ይንቃቃል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የአሠራሩ ጠባይ ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ ጤነኛ መኪና ይተዋል፤ ይህን የማያውቅ ሻጭ ደግሞ ጤነኛ መኪናውን ሲያሳይ ይሰብራል። ቪ8 የሚባለው ላንድክሩዘር 200 እና ላንድሮቨር ዲፌንደር ግን መሐል ላይ ዲፈረንሻል ስላላቸው አራቱም ጎማዎች ሁልጊዜ ይሠራሉ፤ በእነሱ ላይ አስፋልት ላይ የሚሰማ መጨናነቅ መሐል ያለው ዲፈረንሻል እንደተቆለፈ ወይም ችግር እንዳለበት ያመለክታል።

ልል አፈርና ጠጠር ላይ ሲደረስ ፎር ዊሉ ይገባል፣ መሪው እስከ ጥግ ተዙሮ በዝግታ ይነዳል። ከፊት ጎማዎች በኩል «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከመጣ ከጎማው ጋር የሚታጠፈው የፊት ሴሚያስ መገጣጠሚያ አልቋል። የፊት ጎማ መሐል ላይ በእጅ የሚቆለፍ ማያያዣ ላላቸው መኪኖች ሌላ ቀላል ፈተና አለ። ማያያዣው ተከፍቶ በሁለት ጎማ ጉልበት ትንሽ ይነዳል፤ ከዚያ ፎር ዊል ሳይገባ ማያያዣው ብቻ ተቆልፎ ያው መንገድ ይደገማል። መጀመሪያ ያልነበረ ድምፅ ከተጨመረ ምንጩ የፊት ዲፈረንሻል፣ የፊት ሴሚያስ ወይም የፊት ዘንግ ነው። በሌላ አነጋገር የኋላው ነፃ ወጥቷል።

ዳገቱ ሲጠነክር ከባዱ ማርሽ ይገባል። ዘንጉ አልገባም ብሎ የሚታገል ከሆነ ለብዙ ጊዜ ያልተነካ ሊሆን ይችላል። ገብቶ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲለቀቅ ተመልሶ ከወጣ ግን ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሁለተኛው ካምቢዮ ውስጥ መበላት አለ። ይህ ለነጋዴ ሁለት እጥፍ አሳሳቢ ነው። ወጪው ከባድ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ጭነት ይዞ ሲወርድ በሞተር የተያዘ መኪና ድንገት መለቀቁ የሕይወት አደጋ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የሚወርድ ሾፌር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሲመለሱ መኪናው እንደቆመ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ እጅ በጥንቃቄ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል ይጠጋል፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ካለ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ይመረመራል። ሁለተኛ፣ ሻጩ ከፈቀደ የዲፈረንሻሉ ዘይት ቡሎን ይፈታል። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈ እንደ ሊጥ የደቀቀ ግራጫ ብናኝ የተለመደ መበላት ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ድርድሩ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነው። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ሐይቅ ዳር ወይም ወንዝ እየተሻገረ የሠራ መኪና ላይ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

ጩኸት የሚታፈንበት መንገድ

ድምፅ ዋጋ እንደሚያወርድ የሚያውቅ ሻጭ ድምፁን ለጊዜው ሊያፍነው ይችላል። ከመጠን በላይ የወፈረ ዘይት ወይም ግራሶ የተቀላቀለበት ዘይት ያለቀ ጥርስን ለጥቂት ቀናት ጸጥ ያደርጋል። የእንጨት ብናኝ መጨመርም በዓለም ዙሪያ የታወቀ ያረጀ ማታለያ ነው። መድኃኒቱ ግን ርቀት ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በአንድ ዙር ያልተሰማው ከ40 ኪሎ ሜትር በኋላ ይሰማል። ፍተሻው እስከ አርዲቦ መርዘሙ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ የባሰው የፊት ዘንጉን ጨርሶ ፈትቶ ማውጣት ነው። የፊት ዲፈረንሻሉ የሚጮኽ መኪና ዘንጉ ሲወጣ ዝም ይላል፤ ስሙ ግን ፎር ዊል እንደሆነ፣ ዋጋውም የፎር ዊል እንደሆነ ይቀራል። ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አዲስ የታጠበ የሞተርና የወለል ሥር፣ ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞቆ የጠበቀ ሞተር፣ መጠናቸው የተለያየ ጎማዎችም ጥያቄ የሚያስነሱ ናቸው። ጥያቄ ማስነሳታቸው ግን ሻጩን ሌባ አያደርገውም፤ ሰው ዕቃውን አጥቦ ለገበያ ማቅረቡ የተለመደ ነው።

ዓመታዊው ምርመራም በዚህ ረገድ መተማመኛ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ቦሎ የተለጠፈበት መኪና ለመንገድ ደህንነት ተፈትሿል ማለት ነው እንጂ ዲፈረንሻሉ ስንት ዓመት እንደቀረው የተመሰከረለት አይደለም።

በጨረታ የሚገዛ ምን ያድርግ?

ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከዕርዳታ ድርጅቶች በጨረታ የሚወጡ ፎር ዊሎች ብዙ ነጋዴ የሚጠብቃቸው ናቸው። ችግሩ እነዚህ በአብዛኛው የሚሸጡት «ባሉበት ሁኔታ» ሆኖ፣ ተጫራቹም ግቢ ውስጥ ቆመው ያያቸዋል እንጂ አይነዳቸውም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጨረታ ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ የሚቀሩት ቆሞ የሚደረጉት ናቸው። ሞተር ማስነሳት ከተፈቀደ የካምቢዮና የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ይደመጣል፤ ካልተፈቀደም ከሥር ገብቶ ዘንጉን ማዞር፣ የዘይት መፍሰስን ማየት፣ የፊት ዘንጉ መኖሩን ማረጋገጥ ይቻላል።

ያልተሰማውን ድምፅ ግን በዋጋ ማስላት ይገባል። ብልህ ተጫራች ያልነዳውን መኪና «ጤነኛ ነው» ብሎ ሳይሆን «አንድ ዲፈረንሻል ይፈልጋል» ብሎ ያሰላና የጨረታ ዋጋውን ይሞላል። ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ትርፉ የእሱ ነው። በሆይ ሆይታ ከፍ ያለ ዋጋ ሞልቶ ሲፒኦ ያስያዘ ሰው ግን አሸንፎ የሚከስርበት አጋጣሚ ሰፊ ነው።

ሕጉ ምን ይላል፣ ውሉስ?

«ሕግ አለልን» የሚሉ ገዢዎች አሉ። እውነት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው እንዲያረጋግጥ ያዛል። ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ ገዢውንም ሥራ ሰጥቶታል። ዕቃውን ሳይዘገይ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ወዲያው ማስታወቅ አለበት። እያወቀ የገዛውን ጉድለት ደግሞ በኋላ ማንሳት አይችልም። «አይቼና መርምሬ፣ ባለበት ሁኔታ ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ውሉ ላይ ካለች ያልመረመረው ሰው መርምሬያለሁ ብሎ በፊርማው መስክሯል።

ቀብድም እንዲሁ ነው። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ከፍሎ ወደ ፍተሻ የሚሄድ ገዢ ጆሮውን አስይዞ ነው የሚሄደው። ዲፈረንሻሉ ቢጮኽም አለመስማት ይሻለዋል፤ ከሰማ ቀብዱ ሊቀር ነውና። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

መፍትሔው አዲስ መሥሪያ ቤትም አዲስ አዋጅም አይጠይቅም። ሦስት ልማዶች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ቀብድ ከመንገድ ፍተሻ በኋላ ይሁን፤ ሻጩ ቀብድ ካላየሁ አልንቀሳቀስም ካለ «ፍተሻው ካላረካ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል በጽሑፍ ይግባ። ሁለተኛ፣ መካኒኩን ገዢው ራሱ ይምረጥ፣ ራሱም ይክፈለው፤ ከደላላው እጅ የሚበላ መካኒክ የደላላውን ጆሮ ይዞ ነው የሚያዳምጠው። ሦስተኛ፣ የተገኘው ሁሉ በአንድ ገጽ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበትና ከውሉ ጋር ይያያዝ። «የኋላ ክሮቸራ ልል ነው፤ የፊት ሴሚያስ በጥምዝ ይጮኻል፤ ሌላ ድምፅ አልተሰማም» ብሎ መጻፍ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ይህች ወረቀት ሻጩንም ትጠብቃለች፤ የተጻፈውን ጉድለት ገዢው አውቆ ስለገዛ ነገ ተመልሶ ሊከሰው አይችልም።

የደላላው ጥቅም

ተቃውሞው ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። ሻጩ «መኪናዬን 80 ኪሎ ሜትር ማንም አይነዳትም» ይላል። ተገቢ ሥጋት ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ራሱ ወይም ሾፌሩ ይንዳ። እንዲያውም ለመካኒኩ የተሻለው ቦታ የኋላ ወንበር ነው፤ የኋላው ዲፈረንሻል ከሥሩ ስለሚሆን ከመሪው ይልቅ እዚያ ይሰማል። ነዳጁን ደግሞ ገዢው ይሙላ።

ደላላው በበኩሉ «ድምፅ የሌለው አሮጌ መኪና የለም፣ እንዲህ ከተመረመረ የሚሸጥ አይኖርም» ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ድምፅ የሌለው ያገለገለ ፎር ዊል አይገኝም ማለት ይቻላል። ለዚህም ነው ድምፆችን መለየት የሚያስፈልገው። የደረቀ ክሮቸራ ሲንጫጫ የሰማ ያልተማረ ገዢ ከድርድሩ ይሸሻል፤ የደላላው ኮሚሽንም አብሮ ይሸሻል። «ይኸ ግራሶ ነው፤ ቢበዛ ክሮቸራ ነው፣ ከዋጋው ይህን ያህል ይቀነስልህ» ብሎ በወረቀት የሚያሳይ ደላላ ግን ያንኑ ሽያጭ ያድነዋል። ምርመራ ሽያጭ የሚገድለው መኪናው ለተጠየቀበት ዋጋ ሳይበቃ ሲቀር ነው፤ ያኔም ቢሆን የሚሞተው ዋጋው እንጂ ሽያጩ አይደለም። ዲፈረንሻሉ ያለቀ መኪናም ገዢ አለው፤ በራሱ ዋጋ።

በሦስተኛ ደረጃ የሚነሳው የጊዜ ጉዳይ ነው። «እኔ ስመረምር ሌላው ቀድሞ ይገዛዋል» የሚል ፍርሃት ገዢዎችን ያጣድፋል። ዕቃ በሚያጥርበት ገበያ ይህ ፍርሃት ባዶ አይደለም። ነገር ግን ጥድፊያው የሚያገለግለው ማንን እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። የጤነኛ መኪና ባለቤት ግማሽ ቀን ቢጠብቅ የሚያጣው ነገር የለም። ግማሽ ቀን የሚያሳጣው ያንን ድምፅ ይዞ የቆመውን ነው። ዳገት አልወጣም የሚል ሻጭ መልሱን በራሱ አንደበት ሰጥቷል።

ከሁሉ በላይ ደላላው የሚሸጠው መኪና አይደለም፤ እምነት ነው። መኪናው በአንድ ቀን ይሸጣል፤ የደላላው ስም ግን ለሚቀጥለው ገዢና ከዚያም ለሚከተለው ይቆያል። ደሴ ላይ ሁለትና ሦስት ደላሎች ተስማምተው «ከእኛ ዘንድ የሚሸጥ ፎር ዊል አርዲቦ ደርሶ የመጣ ነው» የሚል ልማድ ቢጀምሩ፣ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ለዘመድ ማፈላለጉን ትቶ ወደ እነሱ ይመጣል፤ ጥሩ ዋጋ የሚከፍለው ገዢም ይከተለዋል። የቀሩት ደላሎች ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናቸው ለምን አርዲቦ እንዳልወጣ ሲጠየቁ መልስ ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል የአገሬው ሰው። የመኪና ነገር ሥሩ ከወለሉ በታች ነው። የበቅሎ ገበያው ለዘመናት የሠራበትን ደንብ የመኪናው ገበያ ቢዋሰው አያፍርበትም፤ ዳገቱን ትውጣ፣ ከዚያ ዋጋ እንነጋገር።